ፎቶ መቀየር ብቻውን ሞተር አያስነሳም

ዛሬ ስለ ተጫዋች ዝውውርም ሆነ ስለ ዳኛ ስህተት ትንፍሽ አልልም። መድፈኞቹና ቀያይ ሰይጣኖቹ ለአንድ ቀን ይረፉ። ሰማያዊዎቹም ቢሆኑ ከእኛ ጩኸት ትንሽ ፋታ ቢያገኙ የሚጠሉ አይመስለኝም። የዛሬው ጉዳይ ሞተር ነው፤ ያውም የሞናኮና የሞንዛ ሞተር ሳይሆን የጎጃም ደጋ ሞተር። “ኳስ ገፅ ላይ ሞተር ምን ሊሠራ መጣ?” የሚል ደጋፊ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሰኝ። ዞሮ ዞሮ ሥራው የሚወድቀው በእሱው ትከሻ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሁን አሁን ለአንድ በጎ ዓላማ ገንዘብ ማሰባሰብ የፈለገ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ፊልተር ማሠራትን ሆኗል። ፊልተር ስል ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ ባለው ፎቶ ዙሪያ የሚጠመጠመውን ክፈፍ፣ አለዚያም ስልኩን ፊትህ ላይ ስትደግን ኮፍያ የሚያጠልቅልህን ወይም ቀለም የሚቀባህን ማለቴ ነው። የእግር ኳስ ክለቦች ይሠሩታል፤ የሞተር እሽቅድምድም ሰዎች ይሠሩታል፤ የእኛም ሰዎች ለበዓልና ለምረቃ ይሠሩታል። እኔ የምለው፣ እንዲህ ያለ ፊልተር በሞተር ስፖርት ወዳጆች ስም ለጎጃም ደጋ የጤና ሞተሮች ቢሠራ ደስ ይለኛል። ግን ንድፉ የሚጀመረው ከኮምፒውተር ሳይሆን ከጋራዥ ነው። ሞተሩ ምን እንደጎደለው ሳይጠይቅ የተሠራ ፊልተር ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

መቼም ፊልተር ለኳስ አፍቃሪ አዲስ ነገር አይደለም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም አዲስ አበባ ስታዲየም የነበረ ሰው ያስታውሳል። ዋልያዎቹ ሱዳንን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፉበት ቀን ነው። ያኔ ፊቱን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባው ወጣት የለበሰው ፊልተር ነበር። ልዩነቱ ያንን ቀለም ለመቀባት መጀመሪያ ስታዲየም መገኘት ነበረበት። መሰለፍ አለ፣ መገፋት አለ፣ ፀሐይ አለ። ቀለሙ የተከፈለውን ዋጋ ይናገር ነበር። የስልኩ ፊልተር ግን አልጋ ላይ ተጋድሞ በአንድ ጣት ነው የሚገኘው። እ.ኤ.አ በ2015 ከፓሪሱ ጥቃት በኋላ የፌስቡክ ሰው ሁሉ ፎቶውን በፈረንሳይ ባንዲራ ቀለም ሸፍኖ ሰነበተ። በነጋታው ማን ምን አደረገ ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም።

ማሊያም ከፈለጋችሁ ፊልተር ነው። ካታላኑ ክለብ ባርሴሎና ከመቶ ዓመት በላይ ደረቱ ላይ የኩባንያ ስም ሳይለጥፍ ኖሮ እ.ኤ.አ በ2006 የዩኒሴፍን ስም ለጠፈ። ሌላው ክለብ ደረቱን ሲያከራይ ገንዘብ ይቀበላል። ባርሴሎና ግን ራሱ ከፋይ ሆነ፤ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ዩሮ ለአምስት ዓመት ለመስጠት ተስማማ። የሮናልዲንሆን ማሊያ ለብሶ መርካቶ የሚዞረው ልጅ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ ጽሑፉ ግን ክብደት ነበረው፤ ከኋላው ክፍያ ነበረና። ደግሞ የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል አትርሱ። እ.ኤ.አ በ2011 የኳታር ፋውንዴሽን ገንዘቡን ይዞ ሲመጣ ደረቱን ወሰደ፤ ዩኒሴፍ ከቁጥሩ በታች ወደ ጀርባ ተዛወረ። ፊልተር የሚነድፍ ሰው ይህችን ነገር ልብ ይበላት። ስፖንሰር ሲመጣ መጀመሪያ ቦታ የሚለቀው ተረጂው ነው።

ወደ ሞተሩ እንሂድ። እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ ራንዲ ማሞላ የሚባል አሜሪካዊ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። በ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮና አራት ጊዜ ሁለተኛ ወጣ፤ ዋንጫውን ግን አንድም ጊዜ አላነሳም። (እ.ኤ.አ ከ2023 እስከ 2025 ሦስት ዓመት ተከታትለው ሁለተኛ የወጡት መድፈኞች ሕመሙን ያውቁታል። አልጠራችሁም ብዬ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ምሳሌው እናንተን ጠራ።) ይህ ሰው ለአፍሪካ ሕፃናት ገንዘብ ያሰባስብ ነበርና ገንዘቡ ምን እንደሠራ እንዲያይ ወደ ሶማሊያ ተጋበዘ። ጋዜጠኛው ባሪ ኮልማንም አብሮት ሄደ። እዚያ ያዩት ነገር ሁለቱንም አስደነገጠ። ለጤና ሥራ የተሰጡ ሞተሮች በቀላሉ ሊጠገን በሚችል ብልሽት ምክንያት ቆመዋል። ሞተር አልጠፋም። የጠፋው መለዋወጫና የሚንከባከብ ሰው ነው። ለሞተር ተወዳዳሪ ከዚህ የበለጠ ምን የሚያናድድ ነገር አለ?

ማሞላ፣ ኮልማንና ባለቤቱ አንድሪያ “ራይደርስ ፎር ሄልዝ” የተባለውን ድርጅት የመሠረቱት ከዚያ በኋላ ነው። የሞቶ ጂፒ ኦፊሴላዊ የበጎ አድራጎት ድርጅትም ሆነ። በእንግሊዝ ግራንድ ፕሪ ሰሞን “ዴይ ኦፍ ቻምፒየንስ” በሚባለው ቀን የዓለም ታላላቅ ተወዳዳሪዎች ጓንታቸውንና ሌላ ዕቃቸውን ለጨረታ ያቀርቡ ነበር። ከዚያ የተገኘው ገንዘብ እንደ ሌሶቶና ጋምቢያ ባሉ አገሮች የጤና ሠራተኞች የሚነዷቸውን ሞተሮች ለማቆየት ይውል ነበር። ሥራው ምን እንደሆነ ስሙ፤ ነጂው ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ዘይቱን፣ ጎማውን፣ ሰንሰለቱንና ፍሬኑን እንዲያይ ማስተማር። ሞተሩ ከመሰበሩ በፊት ጊዜውን ጠብቆ ሰርቪስ ማድረግ። አንድ ኪሎ ሜትር ስንት እንደሚፈጅ ማስላትና ያንን ገንዘብ አስቀድሞ መመደብ። በቃ ይኸው ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ፎቶ አይወጣለትም። አዲስ ሞተር ሪባን ተቆርጦለት ሲመረቅ ካሜራ ይሰበሰባል። ዘይት ሲቀየር ማን ይመጣል?

የፊልተር ነዳፊው ፈተናም እዚህ ላይ ነው።

አንድ ፊልተር መሰል ነገር ሠርቶ ያየሁት የቢሊ ሞንገርን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ አፕሪል 16 ቀን 2017 የ17 ዓመቱ እንግሊዛዊ በዶኒንግተን ፓርክ የፎርሙላ ፎር ውድድር ላይ ከቆመ መኪና ጋር ተጋጭቶ ሁለት እግሮቹን አጣ። ቡድኑ 260 ሺህ ፓውንድ ለማሰባሰብ ተነሳ፤ በአንድ ቀን አካባቢ አለፈው፤ በመጨረሻም ከ800 ሺህ ፓውንድ በላይ ሆነ። በዚያው ወር መጨረሻ ሶቺ ላይ የፎርሙላ ዋን ቡድኖች “ቢሊ ዊዝ” የሚለውን ቅጽል ስሙን መኪናቸው ላይ ለጥፈው ሮጡ። ተለጣፊው ምንም የተራቀቀ ነገር አልነበረውም። ግን ያየው ሰው ሁሉ ሦስት ነገር ወዲያው ያውቃል፤ ልጁ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስፈልገውና ገንዘቡ የት እንደሚገባ። ቢሊም በዓመቱ ተመልሶ ኦልተን ፓርክ ላይ በፎርሙላ ስሪ ሦስተኛ ወጣ።

አሁን አባይን እንሻገር። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ በ2000 ዓ.ም መጨረሻ የተመረቀውን የሕዳሴ ድልድይ አልፎ፣ ደጀን ላይ ወጥቶ፣ በሉማሜ በኩል ደብረ ማርቆስ የገባ መንገደኛ ጎጃምን ያየ ይመስለዋል። የአስፋልቱ ጎጃም ሌላ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ያለው ጎጃም ሌላ ነው። ማርቆስ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። ከዚያ ወደ ስናን፣ ወደ ሮብ ገበያ፣ ወደ ጮቄ ስትወጣ መሬቱ እስከ 4,000 ሜትር ይደርሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃው ጎማ ይውጣል። በዚያ መንገድ ምጥ የያዛት ሴት ዛሬም በቃሬዛ በሰው ትከሻ ትወርዳለች። ቃሬዛውን የሚሸከሙት እየተቀያየሩ ነው፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ የለም።

መንግሥት በ1995 ዓ.ም የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ሲጀምር ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሠራተኞች ይመደቡ ብሎ ነበር። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በእግራቸው ይሄዳሉ። ሞተሩ ያለው ወረዳው ወይም ጤና ጣቢያው ዘንድ ነው። ክትባት በቀዝቃዛ ሳጥን ወደ ጤና ኬላ የሚያደርሰው፣ የአክታ ናሙና ወደ ላብራቶሪ የሚያመጣው እሱ ነው። ታዲያ በየቢሮው ግቢ ከባሕር ዛፍ ሥር ጎማው ረግቦ፣ ወንበሩ ተቀዶ፣ ዶሮ የሚያድርበት ያማሃ ያላየ ማን አለ? ማሞላ ሶማሊያ ላይ ያየው ሞተር ወንድም ነው። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ ነገሩን አባብሶታል፤ መንገዱ ሲዘጋ መድኃኒቱም መለዋወጫውም አይገባም።

ፊልተሩ እንግዲህ ለዚህ ሞተር ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ንድፉን እንዲህ አድርጉት እላለሁ።

በመጀመሪያ የፎርሙላ ዋን መኪና ሥዕል ከኢንተርኔት አውርዶ እሳት ከኋላው መለጠፍ ይቅር። አውቃለሁ፣ ያምራል። ግን ከጮቄ ጋር ምን አገናኘው? ከሞተር ስፖርት አንድ ነገር ብቻ ተዋሱ ብባል ሄልሜቱን እዋሳለሁ። በዚህ ስፖርት ውስጥ ሰው የሚታወቀው በሄልሜቱ ነው። የአየርተን ሴና ቢጫ ሄልሜት አረንጓዴና ሰማያዊ መስመሩን ይዞ ከሩቅ ይለያል፤ የብራዚል ባንዲራ ቀለም ነው። ሴና እ.ኤ.አ በ1994 ኢሞላ ላይ ሲሞት እህቱ ቪቪያን በዚያው ዓመት በስሙ ተቋም መሥርታ ለብራዚል ሕፃናት ትምህርት መሥራት ጀመረች። ያ ሄልሜት ዛሬም ድረስ ሲታይ ሰውየውንም ሥራውንም ያስታውሳል። ስለዚህ ፊልተሩ ፊትህ ላይ ሄልሜት ያጥልቅ። መስተዋቱ ግን ወደ ላይ የተከፈተ ይሁን፤ ፊት መታየት አለበት። ፊቱ የማይታይ ደጋፊ ለማን ይጠራል?

ሄልሜቱ ሌላም ሥራ አለው። አይሱዙን “አልቃይዳ” ብሎ የሰየመ ሕዝብ መንገድ እንደሚገድል ያውቃል። ቢሆንም በየከተማው ሞተር የሚነዳውን ሰው እዩት፤ ሄልሜቱ ወይ የለም ወይ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል። መሪው ጭንቅላት ያለው ይመስል! አሥር ሺህ ሰው ሄልሜት አጥልቆ ፎቶ ቢለጥፍ፣ ገንዘቡ እንኳ ቢዘገይ፣ ዓይን ይለምዳል።

ቀለሙን ደግሞ ከባዕድ አገር አታምጡት። እንጅባራ ላይ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር ያየ ሰው ጌጥ ምን እንደሆነ ያውቃል። ግላሱ፣ ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ ሁሉም ቀለም በቀለም ነው። ማኅበሩ ከ80 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ፈረስ የሚያስጋልብ ብቻ ሳይሆን አባላቱ በሐዘንም በደስታም አብረው የሚቆሙበት ነው። ውድድርና መረዳዳት በአንድ ቤት ሲኖሩ ከፈለጋችሁ እንግሊዝ አገር ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ አዊ አለላችሁ። (የጊዮርጊስ ደጋፊዎች “ፈረሰኞቹ እኛ ነን” እንዳትሉኝ። ቅጽል ስሙን ማንም አልወሰደባችሁም።) የዚያ ግላስ ቀለምና ጥልፍ በሄልሜቱ ጠርዝ ላይ ቢዞር፣ ጎጃሜ የሆነ ሁሉ ሳይነገረው የእኔ ነው ይላል።

ጽሑፉስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የእንግሊዝኛ መፈክር ተርጉሞ ሦስት መስመር ያስቀምጣል። ዲማ ጊዮርጊስን የመሰለ የቅኔ ቤት ባለበት አገር ይህ ነውር ነው። ሁለት ቃል ይበቃል፤ “ሞተር ይነሣ”። “ሞተሯ ትነሣ” ቢባል ለጆሮ የበለጠ ይጣፍጣል፤ ግን ፎቶው ስልክ ላይ ሲያንስ የ“ሯ” እግር ትጠፋና “ሩ” መስላ ቁጭ ትላለች። የእኛ ፊደል በአንዲት ቅጥያ ነው ትርጉሙ የሚለወጠው፤ ስለዚህ ፊደሉ ወፍራም፣ ቃሉ አጭር ይሁን። የፕሮፋይል ፎቶ ደግሞ ክብ ሆኖ ነው የሚታየው። አራት ማዕዘን ክፈፍ ሠርቶ ጽሑፉን ጥግ ላይ ያስቀመጠ ነዳፊ፣ ጽሑፉ ተቆርጦ “ተር ይነ” ብቻ ሲቀር ያየዋል። ጽሑፉ በክቡ ውስጥ፣ ከአገጭ በታች ይግባ።

ቆዳ የሚያነጣውንና አፍንጫ የሚያሾለውን ነገርም አውጡት። ብዙዎቹ የስልክ ፊልተሮች ሳይጠየቁ ይህን ያደርጋሉ። ከደጋ ፀሐይ ጋር የኖረ ፊት እንዳለ ይታይ።

ከዚያ አድራሻው ይመጣል። ግንቦት 2013 ዓ.ም ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክ ቀሏል፤ ስለዚህ አጭሯ ቁጥር ከፎቶው ጋር በሚለጠፈው ጽሑፍ የመጀመሪያ መስመር ላይ ትቀመጥ። ዘመናዊ ለመምሰል በፕሮፋይል ፎቶ ላይ ያንን ባለ ነጠብጣብ አራት ማዕዘን ኮድ የሚለጥፉ አሉ። ፎቶውን የሚያየው ሰው በስልኩ ነው የሚያየው፤ ታዲያ በምኑ ስካን ያድርገው? ቁጥሩም የግለሰብ ሒሳብ መሆን የለበትም። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት ይሁን። የማያውቁትን የታመመ ሕፃን ፎቶ እየሰረቁ በግል ሒሳብ የሚለምኑ ሰዎች ፌስቡክን እንዴት እንደሞሉት የምታውቁት ነው፤ ሰው መስጠት ሳይሆን መታለል ነው የሰለቸው።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። በፊልተሩም ሆነ አብሮት በሚለጠፈው ፎቶ ላይ የታማሚ ፊት አይግባ፤ የጤና ሠራተኛዋ ፊት አይግባ፤ የሞተሩ ሰሌዳና የሚሄድበት ቀበሌም አይጻፍ። ግጭት ባለበት አካባቢ ሞተር ማንም የሚመኘው ዕቃ ነው። ማታ ማታ ሞተሯን የት እንደምታቆም ለዓለም ሁሉ የሚያሳይ “በጎ አድራጎት” ሠራተኛዋን አሳልፎ መስጠት ነው። ነዳፊው ላይኩን ሲቆጥር እሷ መንገድ ላይ ናት።

“ይህን ሁሉ ሠርተን የት እንለጥፈው?” ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሜታ ኩባንያ “ስፓርክ” የተባለውን የፊልተር መሥሪያ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም ዘግቶ፣ ሰዎች ለዓመታት የሠሯቸው ፊልተሮች ከፌስቡክና ከኢንስታግራም ጠፍተዋል። ቲክቶክና ስናፕቻት የየራሳቸው መሥሪያ አላቸው፤ ነገ ምን እንደሚሆኑ ማንም ዋስ አይሆንም። የእኛ አገር ችግር ደግሞ ከዚህም ይቀድማል። ከየካቲት 2015 ዓ.ም ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በመላ አገሪቱ ታግደው ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ጠፋ። የማርቆስ ልጅ የአርሴናልን ውጤት አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ ስልክ ደውሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ነበር። በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ ፊልተር እንዲህ ባለ ጊዜ ከሞተሩ ቀድሞ ይቆማል።

መፍትሔው ሞኝ ይመስላል፤ ካርቶን ነው። በሠርግና በምረቃ ላይ ሰዎች አንገታቸውን አስገብተው ፎቶ የሚነሱበትን ትልቅ ክፈፍ ታውቁታላችሁ። ያንኑ የሄልሜት ንድፍ በካርቶን ወይም በቀጭን ጣውላ ላይ አሳትሞ ኳስ በሚታይበት ቤት በር ላይ ማቆም። እዚህ ላይ ያ ባለ ነጠብጣብ ኮድ ይሠራል፤ የሳንቲም ሳጥንም አጠገቡ ይቀመጣል። በክፈፉ ውስጥ ገብቶ ፎቶ የሚነሳ ሰው የሻይ ዋጋ ይጥላል። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ጎል ሲገባ የሚጮኸው ሰው እዚያው ነው። የታላቁ ሩጫ ቲሸርትስ ከዚህ በምን ይለያል? ከ1994 ዓ.ም ጀምሮ ያ ቲሸርት ሰው በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ የሚለብሰው ፊልተር ሆኖ ኖሯል። ዓመቱን ሙሉ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር የምታዩት ከፍሎ ስለሮጠበት ነው።

የስልኩን ፊልተር ለማን እንተወው? ለአዲስ አበባውና ለዋሽንግተኑ ጎጃሜ። እሱ ኢንተርኔት አለው፣ ናፍቆት አለው፣ ዶላርም አለው። ፋይሉ ግን ቀላል ይሁን። የሚሽከረከርና የሚያብለጨልጭ ሄልሜት ሠርተው የቴክኖ ስልክ ካንጠለጠሉ፣ የጥቅሉም ዳታ በደቂቃ ካለቀ፣ ሰው ሁለተኛ አይሞክረውም።

ገንዘቡ ሲገባ ደግሞ እኛ ኳሰኞች የምናውቀውን ነገር እናድርግ፤ የደረጃ ሰንጠረዥ። ስንት ሰው ፎቶ ቀየረ የሚለውን ቁጥር ማንም አይፈልገውም። በየወሩ የሚለጠፈው ሞተሮቹ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጡ፣ ስንት ቀን ቆመው እንደዋሉና ለዘይት፣ ለጎማ፣ ለሰንሰለት ስንት እንደወጣ ይሁን። ደረሰኙ አብሮ ይለጠፍ። አንድ አጥቂ ስንት ጎል አገባ እንጂ ስንት ፎቶ ተነሳ ብሎ የሚጠይቅ ደጋፊ አላየሁም።

“ይህ የመንግሥት ሥራ ነው” የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ልክ ናቸው። ሞተሩን መግዛትም ማስጠገንም የባለቤቱ ሥራ ነው፤ ማንም ፊልተር ያንን ግዴታ አያነሳለትም። እንዲያውም ሰንጠረዡ በየወሩ ሲለጠፍ የቆመው ሞተር የማን እንደሆነም መጠየቅ ይጀመራል። ግን በጀት እስኪጸድቅ ድረስ ቃሬዛው አይጠብቅም። ደግሞ በክለብ ፍቅር ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከር ሰው፣ ለማያውቀው ለእንግሊዝ አሰልጣኝ የሚያለቅስ ሰው፣ ለአንድ የሞተር ሰንሰለት ሐሳብ የለውም ብዬ አላምንም። ጠያቂ ስላጣ ነው።

ቀኑን ልንገራችሁና ልሂድ። ፕሪሚየር ሊጉ ነሐሴ ላይ ይጀመራል። የጮቄ መንገድ በጣም የሚከፋውም ያኔ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ከሚያዝያ ጀምሮ በር ላይ መቆም፣ ዘይቱና ጎማው ሰኔ ሳይገባ መገዛት አለበት። ሁለት ክፈፍ ይሠራ፤ አንዱ በቀይና በነጭ ለማርቆስ መድፈኞች፣ ሌላው በቀይና በጥቁር ለማርቆስ ቀያይ ሰይጣኖች። ሰማያዊዎቹ ሦስተኛ ካስፈለጋቸው ራሳቸው ያሠሩ። እያንዳንዱ ሳጥን የየራሱን ሞተር ይያዝ፤ ኪሎ ሜትሩም ለየብቻ ይቆጠር። በመጀመሪያው ጨዋታ ቀን የማን ሞተር ተነስቶ የማን ሞተር ግቢ ውስጥ እንደቀረ በሩ ላይ እናነባለን።